ቀይ እስኪሆን አትጠብቁ

«ሲስተር፣ ነይ እስኪ ዳስሺው። እዚህ ጋ ይፋጃል።»

ይህን ያሉኝ የአንድ ወጣት እናት ናቸው። ግንቦት 2003 ዓ.ም. ነበር። ድሬዳዋ በግንቦት ምን እንደምትመስል የኖረባት ያውቀዋል፤ ጣሪያው ላይ የሚዞረው ፋን ትኩሱን አየር ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ከማመላለስ ያለፈ ሥራ አልነበረውም። ልጃቸው በጅቡቲ መስመር የሚሠራ የከባድ መኪና ረዳት ነው። መኪናው ሲገለበጥ አከርካሪው ተሰብሮ ከእምብርቱ በታች ያለው አካሉ አልታዘዝ ብሎታል። ገና ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። እናቱ ከሐረርጌ ገጠር መጥተው ከአልጋው ሥር ካርቶን አንጥፈው ያድሩ ነበር። ዋርዱ በሙሉ «አዴ» ይላቸዋል።

አዴ እጃቸውን ከልጃቸው ወገብ በታች፣ ጭራ አጥንቱ ላይ አድርገው ነበር የጠሩኝ። በጎኑ አዙሬ አየሁት። መጽሐፉ የቤድሶር፣ ማለትም የመኝታ ቁስል፣ መጀመሪያ ነው የሚለው መቅላት የለም። የተላጠ ነገር የለም። ውኃ የቋጠረ ነገር የለም። «ምንም የለውም አዴ፤ ሙቀቱ ነው፣ ላስቲኩ ነው» አልኳቸው። ቻርቱ ላይ «ስኪን ኢንታክት» (ቆዳው ደህና ነው) ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

በሦስተኛው ቀን ቦታው ጠቆረ፤ ጥቁረቱ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ነበር። በአምስተኛው ቀን ውኃ ቋጠረ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጡጫ የሚያስገባ ጉድጓድ ሆነና ሳጥበው ከሥሩ ነጭ አጥንት ታየኝ። ልጁ ከነቁስሉ ወደ አገሩ ተመለሰ። ከአራት ወር በኋላ ማረፉን ሰው ነገረኝ፤ የገደለው የአከርካሪው ስብራት ሳይሆን ቁስሉ ነው።

እኔ ዲፕሎማ ነበረኝ፣ አዴ ፊደል አልቆጠሩም። ነገር ግን ከሁለታችን ቀድመው ያወቁት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ነርሶችን ሳሠለጥን የምጀምረው ከዚህ ነው። የማስተምረውም ትምህርት፣ ወረቀቱንና ምስሉን ሁሉ ትተን ፍሬውን ብንወስድ፣ አዴ በዚያ ቀን በእጃቸው ያደረጉት ነገር ነው።

ቤድሶር ከውጭ ወደ ውስጥ የሚሄድ ቁስል ይመስለናል። ቆዳ ተልጦ፣ ቀጥሎ ሥጋ፣ ቀጥሎ አጥንት የሚደርስ። በእርጥበትና በመፋተግ የሚመጣው አንዳንዱ እንዲያ ነው። ገዳዩ ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከታች፣ ሥጋው አጥንቱን ከሚነካበት ቦታ ነው። የጥቃቅን ደም ሥሮች ግፊት በግምት 32 ሚሊሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ነው ብለን እንማራለን። ከዚያ በላይ ተጭኖ የቆየ ነገር ደሙን ያቆማል። ጀርባው ላይ የተኛ ሰው ጭራ አጥንቱ ጋ፣ ተረከዙ ጋ፣ የራስ ቅሉ ኋላ ጋ ያለው ጫና ይህን ቁጥር በቀላሉ ያልፈዋል። ጤነኛ ሰው እንቅልፍ ውስጥ ሆኖም ሳያውቀው ይገላበጣል፣ እግሩን ይሰበስባል። አከርካሪው የተጎዳ፣ ስትሮክ የመታው ወይም ራሱን የሳተ ሰው ግን «አመመኝ፣ ተገላበጥ» የሚለው መልእክት አይደርሰውም፤ ቢደርሰውም መገላበጥ አይችልም። ደም ሲቋረጥበት ደግሞ ጡንቻ ከቆዳ ቀድሞ ይሞታል። ስለዚህ ቆዳው ላይ ቀዳዳ ባየንበት ቀን ውስጡ ምስጥ እንደበላው ግንድ ሆኗል ማለት ነው።

ይህን በቃል ሳስተምር ብዙዎች አንገታቸውን ይነቀንቁልኛል፣ ከዋርድ ሲመለሱ ግን የሚያዩት ላዩን ብቻ ነው። ስለዚህ ከቀፊራ ገበያ ሙዝ ገዝቼ መግባት ጀመርኩ። ጠዋት ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ አንዳንድ ሙዝ እሰጣለሁ። ልጣጩ ሳይቀደድ በአውራ ጣታቸው አንድ ቦታ ላይ ጫን አድርገው ይይዙታል፣ ምልክት አድርገው ያስቀምጡታል። ከምሳ በኋላ መጀመሪያ በዓይን ያዩታል፤ ልጣጩ ደህና ነው፣ ቢበዛ ትንሽ ደብዘዝ ብሏል። ቀጥለው ይዳስሱታል፤ ያ ቦታ ከጎኑ ካለው የተለየ ነው፣ ይላላል፣ ይሰረጉዳል። በመጨረሻ ልጣጩን ያነሱታል። ውስጡ ቡናማ ሆኖ ውኃ አዝሏል። ከዚያ በኋላ ስለ «ስቴጅ»፣ ስለ ጉዳቱ ደረጃ፣ ብዙ ማውራት አያስፈልገኝም። ልጣጩን የያዙበት እጃቸው እዚያው አየር ላይ ይቆያል፤ ያኔ እያንዳንዱ አንድ በሽተኛ ትዝ እንዳለው ፊቱ ላይ አነባለሁ።

አሁን ዋናው ጉዳይ ጋ ልምጣ። የተማርንባቸው መጻሕፍት የመጀመሪያው ደረጃ ምልክት «መቅላት» ነው ይላሉ፤ በጣት ሲጫኑት የማይነጣ መቅላት። ምስሎቹ በሙሉ የነጭ ሰው ጀርባ ናቸው። ቀይ ክብ፣ ጣት ሲጫንበት፣ ጣት ሲነሳ። እንዲህ ያለ መቅላት የድሬ፣ የሐረር፣ የጅጅጋ ሰው ጀርባ ላይ ፈልጎ የሚያገኝ ማን ነው? በጥቁር ቆዳ ላይ ደም መታገዱ እንደ መጽሐፉ ቀልቶ አይታይም። ቆዳው ላይ ያለው ቀለም ይሸፍነዋል። መቅላትን የሚጠብቅ ነርስ አንደኛውን ደረጃ ሳያየው ያልፍና ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ጋ ይገናኛል። እኔ አዴን «ምንም የለውም» ያልኳቸው ሰነፍ ስለነበርኩ አይደለም። የተማርኩትን በትክክል ሠርቼ ነው፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

እና ምን እንፈልግ? መጀመሪያ ሙቀት። የተጎዳው ቦታ በጎኑ ካለው ቆዳ ይልቅ ይሞቃል፤ ጉዳቱ ገፍቶ ደም ጨርሶ ሲያጣ ደግሞ ይቀዘቅዛል። ሁለተኛ ጥንካሬ። ወይ ይደድራል፣ ወይ እንደ ቦካ ሊጥ ይሆናል። ሦስተኛ ሕመም። በሽተኛው ስሜት ካለው ሲነኩት ይሸሻል፣ መናገር ባይችል እንኳ ፊቱን ያጨማድዳል። አራተኛ ቀለም፤ ግን ቀይ አይደለም፤ ከአካባቢው ጠቆር ያለ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ወደ ወይን ጠጅ የሚሄድ። ይህንንም ቢሆን መጋረጃውን ገልጦ በቀን ብርሃን ነው ማየት፤ የዋርዱ ነጭ አምፖል ቀለሙን ያጠፋዋል። በተጨማሪም ሁልጊዜ ማነጻጸር አለ። ቀኙን ተረከዝ ከግራው ጋር፣ ጭራ አጥንቱን አንድ ስንዝር ወደ ላይ ካለው ቦታ ጋር።

የምንዳስሰው በእጅ ጀርባ ነው። እናት የልጇን ትኩሳት ግንባሩ ላይ በምን ትለካለች? በእጇ ጀርባ። መዳፋችን በሥራ የደደረ ነው፤ የእጅ ጀርባ ሙቀትን በደንብ ይለያል። እዚህ ላይ ነርሶች ሁሌ የሚጠይቁኝ ስለ ጓንት ነው። ያልተከፈተ፣ ደምና ፈሳሽ የሌለበት ቆዳ ለመንካት ጓንት ግዴታ አይደለም፤ ከመንካት በፊትና በኋላ እጅን በደንብ መታጠብ ግን ግዴታ ነው። በጓንት የዳሰሰ ሰው ሙቀቱን በደንብ አይለየውም፣ ያስመስላል እንጂ።

እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ በዚህ ጉዳይ ላይ መመሪያ የሚያወጣው አማካሪ ጉባኤ «አልሰር» (ቁስል) የሚለውን ስም ትቶ «ኢንጁሪ» (ጉዳት) ማለት ጀመረ። አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ የተከፈተ ቁስል የለም። ቁስል ሳይኖር ጉዳት አለ። እኛ በአማርኛ «የመኝታ ቁስል» ስንል ይህን እናጣዋለን፤ ቁስሉን እንጠብቃለን። «የግፊት ጉዳት» ብንለው ይሻል ነበር እላለሁ፤ ግን ሰው ቤድሶር ብሎ ለምዷል፣ ለስም ስል ከማንም ጋር አልጣላም።

ለዚህ ሁሉ የሩቅ መምህር አያስፈልገንም ነበር። ከሐረር ወደ ባቢሌ ስትሄዱ ቢሲዲሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ጀርመኖች ለሥጋ ደዌ ታማሚዎች ሥራ የጀመሩበት ቦታ ነው። የሥጋ ደዌ ነርሲንግ ደግሞ የዓይን ሳይሆን የእጅ ትምህርት ነው። በሽታው ነርቭን ሲገድል ሰውየው እግሩ ሥር ድንጋይ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ቢሄድበት አያውቅም። ሕንድ ውስጥ የሠራው ሐኪም ፖል ብራንድ ያስረዳው ትልቅ ነገር ይህ ነው፤ የታማሚው ጣትና እግር የሚያልቀው ሥጋው ስለሚበሰብስ ሳይሆን ሕመም ስለማይሰማው ነው። ስለዚህ በየቀኑ እግርን መዳሰስ፣ ከሌላው የሚሞቀውን ቦታ መፈለግ፣ ያ ቦታ እስኪበርድ አለመርገጥ። ዛሬ በስኳር ሕመም የተጎዳ እግር ላይ የሚሠሩ ሰዎች በአንድ እግርና በሌላው መካከል የ2.2 ዲግሪ ሴልሺየስ ልዩነት ከታየ ቁስል ሊመጣ ነው ብለው ይጠነቀቃሉ። በቴርሞሜትር ነው የሚለኩት። እጅ ቁጥሩን አይነግረንም፣ ልዩነቱን ግን ይነግረናል። ይህ እውቀት እዚህ በአቅራቢያችን ለአንድ በሽታ ሲሠራበት ኖሯል፤ እኔ ግን በተማርኩበት ትምህርት ቤት የሥጋ ደዌው ምዕራፍና የቤድሶሩ ምዕራፍ ተያይተው አያውቁም።

ስለ ሥልጠናዎቻችንም በግልጽ መናገር አለብኝ፤ እኔም ያለሁበት ነገር ነውና። ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሦስት ቀን፣ ፕሮጀክተር፣ ሻይ ቡና፣ አበል፣ ሰርተፊኬት። ሠልጣኙ በሽተኛው ለቤድሶር ምን ያህል እንደተጋለጠ የሚገምተውን የብሬደንን መለኪያ ይማራል። እ.ኤ.አ. በ1987 ለንባብ የበቃ ጥሩ መለኪያ ነው፤ ስድስት ጥያቄዎች አሉት፤ ስሜት፣ እርጥበት፣ እንቅስቃሴ፣ መገላበጥ፣ ምግብ፣ መፋተግ። ድምሩ ከ6 እስከ 23 ይሄዳል፤ 18 እና ከዚያ በታች ያመጣ ለአደጋ የተጋለጠ ነው። ሠልጣኙ ፈተናውን ዘጠና ከመቶ ያልፋል። ሰኞ ዋርድ ይገባና ቅጹን በሽተኛውን ሳይነካ፣ ከአልጋው ግርጌ ቆሞ ይሞላዋል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። በሽተኛ በሌለበት አዳራሽ የተማረ ሰው በሽተኛን መንካት ከየት ያመጣዋል? ስለዚህ አሁን ሥልጠና ስጠራ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ አዳራሹ ይቅርብኝ፣ ዋርድ ውስጥ ይሁን፤ ቢያንስ አንዱ ክፍለ ጊዜ ደግሞ በሌሊት ተራ ይሁን።

አንድ ልምምድ አለኝ፣ ሠልጣኞች በመጀመሪያ አይወዱትም። እያንዳንዱ የዋርዱ ፍራሽ ላይ፣ ላስቲኩ ላይ ስስ አንሶላ ብቻ ተነጥፎ፣ በጀርባው ይተኛል። ሁለት ሰዓት፣ ምንም ሳይንቀሳቀስ። ተረከዝ አይነሳም፣ ዳሌ አይዞርም። እስካሁን የጨረሰ አላየሁም። አብዛኞቹ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይነሳሉ፤ ልብሳቸው ከጀርባቸው ጋር ተጣብቆ፣ ላስቲኩ ላይ የላባቸው ቅርጽ ቀርቶ። አንዷ የማዋለጃ ክፍል ነርስ ከተነሳች በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም አለችና «እኛ እኮ ከኦፕሬሽን የወጣችውን ‹አትንቀሳቀሺ› ብለን ነው የምንሄደው» አለች።

ሁለት ሰዓት የሚለው ልማድ በዓለም የታወቀው በሉድቪግ ጉትማን ነው። ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ እንግሊዝ የገባ ሐኪም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1944 ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ውስጥ አከርካሪያቸው የተመታ ወታደሮችን ተረከበ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ወታደር ብዙ ጊዜ የሚጠበቅለት ሞት ነበር፤ በቤድሶርና በሽንት ቧንቧ መመረዝ። ጉትማን በየሁለት ሰዓቱ፣ ቀንም ሌሊትም፣ በሽተኞቹ እንዲገላበጡ አዘዘ። ሰዎቹ መሞት አቆሙና ኋላ ላይ ቀስት ሲወረውሩ፣ ኳስ ሲጫወቱ ታዩ፤ ፓራሊምፒክ የምንለው ውድድር ሥሩ እዚያ ነው። ይህን ሳነብ የማስበው ያንን የሃያ ሦስት ዓመት ረዳት ነው። ውድ መድኃኒት አላጣም፤ ያጣው በየሁለት ሰዓቱ የሚያገላብጠው ሰው ነው።

«በሌሊት ሁለት ነርስ ለሠላሳ በሽተኛ ነን፤ ማን ያገላብጥ?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ይህ ጥያቄ በትከሻ መነቅነቅ የሚታለፍ አይደለም። በእኛ አገር የሚያገላብጠው፣ የሚያጥበው፣ የሚያበላው፣ ሽንት የሚደፋው አስታማሚው ነው። ሆኖም በራውንድ፣ ሐኪሞች በሽተኞችን ዞረው በሚያዩበት ሰዓት፣ «አስታማሚ ውጣ!» ይባላል፤ ሐኪሙና ነርሱ ስለ በሽተኛው ሲነጋገሩ ሌሊቱን ሙሉ አብሮት ያደረው ሰው በር ላይ ቆሟል። እኔ የማሠለጥነው ነርስ አስታማሚውን እንዲያስገባ እፈልጋለሁ። እጁን ይዞ «እዚህ ንካ፣ አሁን እዚህ ንካ፣ የቱ ይሞቃል?» እንዲለው። በኦሮምኛ «ገረገልቺ»፣ በሶማሊኛ «ሮግ» ማለት የቻለ የድሬ ነርስ ግማሽ ሥራውን ሠርቷል። ሌላው ግማሽ ማን ማንን እንደሚያገላብጥ ማሰብ ነው፤ ባልዋ በሌለበት የዋርዱ ወንድ አስታማሚ ሴትን አያዞርም፤ አንዲት እናት ደግሞ ያደገ ወንድ ልጇን ገልጦ ማየት ታፍራለች። ይህን ቀድሞ ያልጠየቀ ነርስ «አላገላብጥ አሉ» ብሎ ሪፖርት ይጽፋል።

ሰዓቱን በተመለከተ የእኛ አቆጣጠር ይመቻል። ጥንድ ቁጥር ያላቸውን ሰዓቶች እንይዛለን። ሁለት ሰዓት ወደ መስኮት፣ አራት ሰዓት ወደ ጣሪያ፣ ስድስት ሰዓት ወደ በር፣ ስምንት ሰዓት እንደገና መስኮት። ካርቶን ላይ መስኮት፣ ጣሪያ፣ በር በእስክርቢቶ ስለን ከአልጋው ራስጌ እንሰቅላለን፤ ማንበብ አይጠይቅም። ወደ ጎን ሲዞር ደግሞ ሙሉ ለሙሉ ዳሌ አጥንቱ ላይ አይደለም፤ ጀርባው ሥር የተጠቀለለ ጋቢ አስገብቶ ሠላሳ ዲግሪ ያህል ዘንበል ማድረግ ነው። የአልጋው ራስጌም፣ ምግብ ካልሆነ ወይም ሐኪም ካላዘዘ፣ ከሠላሳ ዲግሪ በላይ አይነሳ፤ በሽተኛው ወደ ታች ሲንሸራተት ቆዳው አንሶላው ላይ ይቀርና አጥንቱ ይሄዳል፣ ውስጥ ያለው ደም ሥር ይጠመዘዛል።

የማንሳቱ ነገር ብዙ ያሳስበኛል። ሁለት ሰው በብብት ይዞ ይጎትታል፣ ተረከዝና ዳሌ ፍራሹን እያሹ ይወጣሉ። መፍትሔው ከዓይናችን ሥር ነበር፤ ሽርጥ። ድሬ ውስጥ ሽርጥ የሌለበት ቤት የለም፣ ሽርጥ ያልለበሰ አስታማሚም ጥቂት ነው። ሰፊ ነው፣ ጠንካራ ጥጥ ነው፣ ይታጠባል፣ በአንድ ሰዓት ይደርቃል። አጥፎ ከትከሻ እስከ ጭን ሥር ያነጥፉታል፤ አንዱ በዚህ አንዱ በዚያ ቆመው ጫፉን ሰውነት አጠገብ ጠቅልለው ይጨብጣሉ፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለው ያነሱታል፣ ከዚያ ያሳርፉታል። ማንሳት እንጂ መጎተት የለም። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየኝ አንድ ሽማግሌ አስታማሚ ነው፤ ወንድሙን እንዲያ ሲያነሳ አየሁትና ከዚያ ወዲያ ሁሉም ሥልጠና ውስጥ አስገባሁት።

ማስቀረት ያለብን ነገርም አለ። ውኃ የተሞላ ጓንት ተረከዝ ሥር ማድረግ፤ ይንሸራተታል፣ ግፊቱንም አያነሳም። ትራሱ ከባት ሥር ይግባና ተረከዙ አየር ላይ ይንሳፈፍ። መሐሉ ክፍት የሆነው ክብ ጎማ፤ በዙሪያው ያለውን ሥጋ ይጫንና መሐል ያለውን ደም ያሳጣዋል። አጥንት ያለበትን ቦታ በአልኮልና በፓውደር ማሸት፤ እኛ «ባክ ኬር» (የጀርባ እንክብካቤ) ተብሎ እንደ መልካም ነገር ተምረነዋል፣ ዛሬ ግን የተጎዳን ሥጋ ማሸት ጉዳቱን ማባባስ እንደሆነ መመሪያዎቹ ይነግሩናል። ለዓመታት እጄ ይህን ሠርቷል። ባሰብኩት ቁጥር ያመኛል።

ቁስሉ ከተከፈተ በኋላ ስላለው ባጭሩ ልሂድ፤ ቅድሚያው የት እንደሆነ ተናግሬያለሁና። ቁስል ይደርቅ የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ጆርጅ ዊንተር የተባለ ተመራማሪ በአሳማ ቆዳ ላይ ባደረገው ሙከራ፣ በፕላስቲክ ተሸፍኖ እርጥበቱን የጠበቀው ቁስል አየር ላይ ከደረቀው በእጥፍ ገደማ ፍጥነት ቆዳ ለበሰ። እኛ ጋ ግን ጎዙ ደርቆ ይጣበቃል፤ ሲነቀል ደም ይወጣል፤ «ንጹሕ ሥጋ መጣ» ይባላል። የመጣው ደም ትናንት የበቀለው አዲስ ሥጋ ነው፣ እየነቀልነው ነው። በውኃ አርሶ ማላቀቅ አምስት ደቂቃ ይወስዳል። ፐርኦክሳይድና አዮዲን በየቀኑ ንጹሕ ቁስል ላይ ማፍሰስም እንዲሁ አዲሱን ሥጋ ይጎዳል። ቁስል የምናጥብበት ጨዋማ ውኃ፣ ኖርማል ሳላይን፣ ካለቀ አንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ላይ 9 ግራም ጨው፤ ተመሳሳይ ነገር ነው። ተረከዝ ላይ ያለ ደረቅ ጥቁር ቅርፊት ካልረጠበ፣ ካልሸተተ፣ ዙሪያው ካላበጠ አትንኩት፤ ሽፋን ነው። በየሳምንቱ ርዝመቱንና ስፋቱን በወረቀት ማስመሪያ ለኩ። በሁለት ሳምንት ምንም ለውጥ ከሌለ የጎዙን ዓይነት ከመቀየር በፊት በሽተኛው በእርግጥ እየተገላበጠ መሆኑን ጠይቁ።

ማር የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው፤ ቡና ዱቄት የሚነሰንሱም አሉ። ቡናውን ተዉት። ማር የሚሠራ ነገር አለው፤ ውኃ ይስባል፣ አሲድነት አለው፣ ባክቴሪያን ያዳክማል፤ ለቁስል የሚሸጠው ማር ግን በጨረር የጸዳ ነው። የገበያ ማር ከነጀርሙ፣ አንዳንዴም ከነስኳሩ ነው። ጥልቅ ቁስል ውስጥ አትክተቱት።

ምግቡ ላይ ግን መቆየት አለብኝ። ቁስል በግሉኮስ አይድንም። አንድ ሊትር 5 ፐርሰንት ግሉኮስ ውስጥ ያለው 50 ግራም ስኳር ነው፤ 200 ካሎሪ አይሞላም፣ ፕሮቲን ደግሞ ምንም የለበትም። ቤተሰብ ግን «ግሉኮስ ተሰቅሎለታል» ብሎ እፎይ ይላል። ቤድሶር ላለበት ሰው የሚመከረው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ1.25 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ነው፤ የኩላሊት ችግር ካለ ሐኪሙን መጠየቅ ያስፈልጋል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ75 እስከ 90 ግራም ማለት ነው። እንቁላል አንዱ 6 ግራም ገደማ፣ የግመልም የላምም ወተት አንድ ብርጭቆ 8 ግራም ገደማ። ጠዋት ፉል፣ ቀን ምስር ወይም ሽሮ፣ ከሰዓት ወተት፣ ማታ እንቁላል፤ በድሬ ኑሮ የማይቻል አይደለም፣ በደሃ ቤት ግን ከባድ ነው፤ ሁለት እንቁላል የት እንደሚገኝ ነርሷም ማሰብ አለባት። ጫት የሚቅም በሽተኛ ካለ ሳንፈርድበት እንንገረው፤ ጫቱ ረሃቡን ይዘጋዋል፣ ቁስሉ ደግሞ የሚራበው ያኔ ነው። ጾም ሲሆን በሽተኛው ራሱ አልበላም ይላል። በእስልምናም በኦርቶዶክስም ሕመምተኛ አይገደድም፤ ግን ይህን ከነርስ አፍ ሳይሆን ከኢማሙ ወይም ከነፍስ አባቱ ሲሰማው ነው የሚበላው። አስጠርተን እናውቃለን፣ ሁልጊዜም በደስታ መጥተዋል።

ባለፈው ጥር፣ ከሥልጠናው ሁለት ወር በኋላ፣ ያሠለጠንኳቸውን ነርሶች ለማየት ሌሊት ወደ አንድ ዋርድ ገባሁ። መብራት ሄዷል። ጄኔሬተሩ ገና አልተነሳም። ከኮሪደሩ የምሰማው የፋኑን ዝምታና የአንድ ሰው ጫማ ነው። ወጣቷ ነርስ በጨለማ ከአልጋ አልጋ እየሄደች ነበር፤ ስልኳን እንኳ አላበራችም። አራተኛው አልጋ ጋ ቆመች። ስትሮክ የመታቸው አዛውንት ናቸው፤ ልጃቸው መሬት ላይ ተኝታ ነበር፣ ተነሳች። ነርሷ የእጇን ጀርባ አንዱ ተረከዛቸው ላይ አደረገች፣ ቀጥላ ሌላው ላይ፣ እንደገና መጀመሪያው ላይ።

«ነይ እስኪ፣ አንቺም ንኪ» አለቻት።

ልጅቷ ነካች። ቆየች። «ይሄኛው ይሞቃል» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ በጀርባ ናቸው?»

«አራት ሰዓት ላይ አዞርኳቸው። ከዚያ እንቅልፍ ወሰደኝ።»

«እሺ፣ አይዞሽ። ጋቢሽን ስጪኝ።»

ጋቢውን በጨለማ ጠቀለሉት። አንዷ ባታቸውን አነሳች፣ ሌላዋ ጋቢውን ከሥር አስገባች፣ ነርሷ ጣቷን በተረከዙና በፍራሹ መካከል አሳልፋ አየች፤ ያልፋል።